በወይዘሮ ለምያ ሱቅ ስለተገኘው ባለክር ዱቄት

የምስክርነት ቃል

የምስክር ሙሉ ስም፦ ወ/ሮ ለምያ ሰላሐዲን
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የችርቻሮ ነጋዴ
የትምህርት ደረጃ፦ 8ኛ ክፍል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያገባች፣ የአራት ልጆች እናት
አድራሻ፦ ካፋ ዞን፣ ቦንጋ ከተማ፣ ገበያው አጠገብ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐሙስ የካቲት 27 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ጉዳዩ፦ ለሕፃናት የመጣ አልሚ ዱቄት ለገበያ ውሏል ስለመባሉ
ተጠርጣሪ፦ ሲስተር ሩሀማ ገብረሚካኤል
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ደጉ ኃይለመስቀል

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝና ሳያስገድደኝ ዛሬ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ በራሴ እግር ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን ሱቄ ሲፈተሽ ስለ ዱቄቱ ተጠይቄ የምናገረው የለኝም ብዬ ነበር። ያን ቀን ዝም ያልኩት ፈርቼ ሳይሆን ለሰው የሰጠሁት ቃል ስለነበረብኝ ነው። ቃሉን ያስገቡኝ ሴቶች ትናንት ስለፈቱኝ፣ ይልቁንም በእኔ ዝምታ ምክንያት ጥፋት የሌለባት ሰው ታስራ ስላለች፣ የማውቀውን በሙሉ እናገራለሁ።

ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቦንጋ ነው። አባቴ ከቡታጅራ ወገን ጨው ይዞ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ሲሆን፣ ሱቁን ከእሱ ተረክቤ እስከ ዛሬ እሠራበታለሁ። ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይት፣ ባቄላ፣ ክርና መርፌ እሸጣለሁ። ካፊኖኖ እንደ አማርኛዬ እናገራለሁ። የገጠር ሴቶች ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ቅርጫታቸውን የሚያስቀምጡትም ልጃቸውን የሚያጠቡትም እኔ ጓዳ ነው። በሚዛን ታምቼ አላውቅም። ይህን የምለው ለመመጻደቅ ሳይሆን፣ የሕፃን ዱቄት እየገዛች ትቸረችራለች ተብሎ በከተማው ስለተወራብኝ ነው። ቃል ተቀባዩም ተማሪ ሳሉ ደብተር የሚገዙት ከእኔ ሱቅ እንደነበር ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፏል።

ነገሩ የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። በአካባቢያችን የሕፃናት መቀንጨር በዝቷል፣ ማለትም ልጆች በምግብ እጦት ከዕድሜያቸው በታች አጥረው ይቀራሉ ተብሎ አንድ የድጋፍ ፕሮግራም መጣ። ድጋፉ አልሚ ዱቄትና ጥሬ ገንዘብ ነው። ዱቄቱ ለልጆቹ ገንፎ ሲሆን፣ ገንዘቡ እናቶች እንቁላል፣ ዘይትና ባቄላ እንዲገዙበት በየወሩ የሚሰጥ ነው። ሆኖም ለሁሉም አልተሰጠም። ድጋፉ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን ለማጥናት ሲባል ላይ ሾሪና ታች ሾሪ በሚባሉት ሁለት ጎረቤት ቀበሌዎች ላይ በሕዝብ ፊት ዕጣ ተጣለ። እኔ በቦታው አልነበርኩም። የነበሩት እንደነገሩኝ ዕጣው ለላይ ሾሪ ወጣ። ታች ሾሪዎች ጥናቱ እስኪያልቅ ምንም ሳያገኙ ልጆቻቸው ብቻ እንዲለኩ፣ ሲያልቅ ተራው ለእነሱ እንደሚደርስ ተነገራቸው። የሁለቱ ቀበሌ ልጆች ቁመት እየተነጻጸረ ድጋፉ ይመዘናል ተባለ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የላይ ሾሪ እናቶች ዘይትና ባቄላ የሚገዙት በአብዛኛው ከእኔ ስለሆነ ገበያዬ ደርቷል፤ አልክድም። አንዳንድ ባሎች ገንዘቡ ለምን በእኛ እጅ አይገባም እያሉ ሲያጉረመርሙ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ግን ገንዘቡን ሲቀበሉ ባሎቻቸው በሚቀመጡበት ጠጅ ቤት በር ማለፍ ትተው፣ በጓሮ በኩል ባለው ጭቃ መንገድ ዞረው ወደ ሱቄ ይመጡ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ እየሳቁ ነበር የሚገቡት።

ልኬቱን የሚመራው አቶ እስክንድር የሚባል አጥኚ ነው። ከአዲስ አበባ እየተመላለሰ ይሠራል። ሰውየውን አልጠላውም። ልጅ ሲያለቅስበት አብሮ ሊያለቅስ የሚደርስ፣ ሆደ ቡቡ ሰው ነው። ሕፃናቱን ጣውላ ላይ አጋድመው፣ አንዱ ጭንቅላት ይዞ ሌላው እግር ዘርግቶ ቁመታቸውን ይለካሉ። የላይ ሾሪ ልጅ ተለክቶ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል፤ የታች ሾሪ ልጅ ተለክቶ ባዶውን ይሄዳል። ዙፋን የምትባል የታች ሾሪ እናት ልጇን ስታስለካ ውላ ሱቄ ገብታ፣ ሳያጎርሱ መለካት ምን የሚሉት ነው ብላ ስትናገር ሰምቻለሁ።

ቃል ተቀባዩ የላይ ሾሪ ሴቶች ስለ ታች ሾሪ ልጆች ምን አገባቸው ብለው ስለጠየቁኝ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ነገር ግን ከእነሱ ጋር ስኖር ያወቅሁት ነገር ነው። ሁለቱ ቀበሌዎች የሚለያዩት በአንድ ወንዝ ሲሆን የሚገለገሉት በአንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ላይ ሾሪ ልጅ ሲወለድ ክርስትና የሚያነሳው ከታች ሾሪ ይፈለጋል፤ ታች ሾሪ ሲወለድ ደግሞ ከላይ ሾሪ። የሥጋ ዘመድ በየደጃችን አለ፣ ክርስትና ወንዝ ይሻገር ይላሉ። ስለዚህ ዕጣው ሲወጣ የለያየው ቀበሌን ከቀበሌ ብቻ ሳይሆን ክርስትና እናትን ከክርስትና ልጇ ነው። ዕጣውን የጣሉት ሰዎች ይህን ማንንም አልጠየቁም። እኔን ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር።

ተጠርጣሪዋን ሲስተር ሩሀማን የማውቃት ከሌላ ክልል ተመድባ ላይ ሾሪ ጤና ኬላ መሥራት ከጀመረችበት ጊዜ አንስቶ ነው። ዱቄቱን የምታድለው እሷ ናት። ሥራዋን የምትወድ፣ ሕግ የምታጠብቅ፣ ለወዳጅም ለዘመድም የማታደላ ሴት ናት። ዱቄቱ መታደል ሲጀምር የላይ ሾሪን እናቶች ሰብስባ፣ ይህ ዱቄት ለተመዘገበው ልጅ ብቻ ነው፣ ወደ ታች ሾሪ ካለፈ ጥናቱ ይበላሻል፣ ጥናቱ ከተበላሸ ታች ሾሪም ተራው ላይደርሰው ይችላል ብላ አስጠነቀቀቻቸው። በዚህም አላበቃችም። እያንዳንዳቸውን በየተራ አስቁማ፣ ከእጄ ወደ ታች ሾሪ ሴት እጅ ዱቄት አላሳልፍም አሰኝታ አስማለቻቸው። ለኋላው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ መሐላ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ላይ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ የምትባል የላይ ሾሪ ሴት ሱቄ መጣች። በሴቶቹ ዘንድ ቃሏ የሚሰማ ሴት ናት። ሰው እስኪወጣ ጠብቃ ዱቄት የያዘ ፌስታል ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ልትሸጥልኝ ነው ብዬ ቁጣ ቁጣ ሲለኝ፣ የክርስትና ልጇ ታች ሾሪ እንደምትኖር ነገረችኝ። የእኔው ልጅ ገንፎውን እየበላ እሷ ከወንዝ ማዶ ምራቋን ስትውጥ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ አለች። መሐላሽስ ብላት፣ የማልኩት ወደ ታች ሾሪ ሴት እጅ እንዳላሳልፍ ነው፣ አንቺ የቦንጋ ሴት ነሽ አለችኝ። ጠበቃ ሆና ብትፈጠር ኖሮ ስንቱን ታስፈታ ነበር ብዬ ሳቅሁ።

ተቀበልኳት። እኔም በተራዬ በዚህ ዱቄት ላይ በሱቄ ውስጥ የዋጋ ነገር እንዳይነሳ አስማልኳት፤ እሷም ለባሌም ቢሆን እንዳልናገር አስማለችኝ። ከዚያ ሌሎቹ ተከተሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ የላይ ሾሪ ሴቶች ከቤታቸው ድርሻ ቀንሰው በፌስታል ቋጥረው ጓዳዬ ያስቀምጣሉ፤ ከቀትር በኋላ የታች ሾሪ ሴቶች መጥተው ያነሳሉ። ሰጪና ተቀባይ ጓዳዬ ውስጥ አይገናኙም። ለወንድ ልጅ ክርስትና ያነሳው ወንድ ቢሆንም ፌስታሉን የምታመጣው ሚስቱ ናት። ወንዶቹ ክርስትና ማንሳቱን እንጂ ዱቄት መሸከሙን አይወዱም።

ፖሊስ በፍተሻ ያገኛቸው ፌስታሎች በልዩ ልዩ ቀለም ክር የታሰሩ በመሆናቸው፣ ክሩ የዋጋና የገዢ ምልክት ሳይሆን አይቀርም ተብሎ መጻፉ ተነቦልኛል። ይህ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ክሩ የማተብ ክር ነው። ልጁ ሲጠመቅ አንገቱ ላይ የታሰረለት ማተብ ቀይ ከሆነ ፌስታሉ በቀይ፣ ሰማያዊ ከሆነ በሰማያዊ ይታሰራል። እናትየው ያዘለችውን ልጅ አንገት አይታ የልጇን ድርሻ ታነሳለች። ቀለማቸው የተመሳሰለ እንደሆነ በቋጠሮው ይለያል። የአንዱ ልጅ ድርሻ ተሳስቶ ለሌላው ሄዶ አያውቅም። ክሩን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ፤ የሸጥኩትም ክሩን ብቻ ነው። ዱቄቱን አንድም ቀን ሚዛኔ ላይ አላወጣሁትም። ሚዛን ላይ የወጣ ነገር ሸቀጥ ነው፣ ያ ዱቄት ግን ሸቀጥ አልነበረም።

የላይ ሾሪ ልጆች ድርሻቸው ተቀንሶ አልተጎዱም ወይ ተብዬ ተጠይቄ የሰጠሁት መልስ፣ እናቶቻቸው የጎደለውን በገንዘቡ በሚገዙት እንቁላልና ባቄላ ይሞሉት ነበር የሚል ነው። ከዚህም ሌላ፣ መጀመሪያ ላይ ዱቄቱን ባልም እንግዳም ጎረቤትም ይቀምሰው ነበር። ለክርስትና ልጅ መላክ ከተጀመረ ወዲህ ግን ሴቶቹ ዱቄቱን እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁት ጀመር። ባል ጉንጩ ላይ ገንፎ ከተገኘበት ወዮለት ነበር።

አሁን ሲስተር ሩሀማን ወደ እስር ያመጣትን ነገር እናገራለሁ። በፍተሻ ከተገኙት ፌስታሎች አንዱ በቢጫ ክር የታሰረ ነበር። ይህ የዙፋን ልጅ የብስራት ድርሻ ነው። ብስራት ስትወለድ ወንዙ ሞልቶ ዙፋንን ማሻገር ባለመቻሉ፣ ሲስተር ሩሀማ ራሷ በገመድ ተይዛ ወንዙን ተሻግራ ነው ያዋለደቻት። ልጅቱ ሰማንያ ቀን ሲሞላት ዙፋን ሌላ ሰው አልፈለገችም፤ ክርስትና ያነሳቻት ሲስተር ሩሀማ ናት። ማተቧም ቢጫ ነው።

እንግዲህ የላይ ሾሪ ሴቶች ሁሉ ለክርስትና ልጆቻቸው ሲልኩ ለብስራት የሚልክ አልነበረም። ሲስተር ሩሀማ በየወሩ ከምታድለው ዱቄት አንዲት ጭልፋ እንኳ ለራሷ የክርስትና ልጅ አላወጣችም። ከደመወዟ እንቁላል ገዝታ ልትልክላት አስባ፣ እሱም ቢሆን ጥናቱን ያበላሻል ብላ መተዋን ነግራኛለች። ወርቅአፈራሁ ይህን ስታውቅ፣ ሲስተርን ሕጉ አስሯታል፣ እኛ ግን አልታሰርንም አለች። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከየፌስታሉ አንዳንድ እፍኝ እየተወሰደ በቢጫ ክር የታሰረ አንድ ፌስታል ይሞላ ነበር። ለዙፋን ምን ተብሎ ይሰጥ ሲባል፣ ልጅቱ ስታድግ ክርስትና እናቴ በችግሬ ጊዜ ረሳችኝ እንዳትል፣ ከሲስተር ነው ተብሎ ይሰጥ ተባለ። “ይህ ከክርስትና እናቷ ነው፤ ሲስተርን ግን አታመስግኛት፣ ሥራዋ ላይ ችግር ይመጣባታል” ብዬ ፌስታሉን ለዙፋን የሰጠሁት እኔ ራሴ ነኝ። ዙፋን አመነችኝ። ሲስተር ሩሀማ ከዚህ ሁሉ የምታውቀው አንድም ነገር አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ሲስተር ሩሀማ ሳሙና ልትገዛ መጥታ፣ “እትዬ ለምያ፣ ዙፋን ቤተ ክርስቲያን ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ” አለችኝ። ዙፋን የምታያት በምስጋና ነው፤ እሷ ደግሞ ወቀሳ መስሏት አንገቷን ትደፋለች። ያን ጊዜ ልነግራት ምንም አልቀረኝም። ምላሴን ነክሼ ሳሙናውን ጠቅልዬ ሰጠኋት።

ባለፈው ታኅሣሥ አቶ እስክንድር ልኬት ጨርሶ ሲመለስ ውሃ ሊገዛ ሱቄ ገባና ተክዞ ቆመ። ምን ነካህ ልጄ ብለው፣ የሁለቱ ቀበሌ ልጆች ቁመት እኩል ሆነብን አለኝ። ሁለቱም አጥረው ቀሩ ወይስ ሁለቱም አደጉ ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱም ድሮ ከነበረው በጣም ተሻሽለዋል፣ ነገር ግን ታች ሾሪ ምንም ሳያገኝ እንዴት እንዳደገ አልገባንም አለ። የውሃውን ዋጋ አልቀበልም አልኩት። እንደወጣ ጓዳ ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ። ባለቤቴ ሰምቶ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ ቢለኝ፣ አዎ፣ ደርሶኛል አልኩት። ይህን ያህል ዘመን ስነግድ እንደዚያ ቀን ያተረፍኩበት ጊዜ የለም። ኮርቻለሁ፤ ዛሬም እኮራለሁ፤ ይህም እንዳለ ይጻፍልኝ።

አቶ እስክንድር ግን ነገሩ አላስተኛውም መሰለኝ፣ ዱቄቱ ተሽጦ ታች ሾሪ ይደርስ ይሆን ወይ ብሎ መጠርጠር ጀመረ። ቅዳሜ የካቲት 22 ቀን የላይ ሾሪ ሴቶች ፌስታል ይዘው ሱቄ ገብተው ባዶ እጃቸውን ሲወጡ ከመኪናው ሆኖ አይቶ ለፖሊስ አመለከተ። ፖሊስ ጓዳዬን ፈትሾ ፌስታሎቹን ወሰደ። አልፈርድበትም፤ እኔም እሱን ብሆን ሌላ ነገር አላስብም ነበር። ሴቶቹ መሐላቸውን እንዳያፈርሱ ብለው በሱቄ ባያዞሩት ኖሮ ንግድ ባልመሰለ ነበር። በማግስቱ ፖሊስ ታች ሾሪ ወርዶ ቤት ለቤት ሲጠይቅ፣ ዙፋን ቤት ያው ባለቢጫ ክር ፌስታል ባዶውን ስላገኘ ዱቄቱን ማን ይሰጥሻል ብሎ ጠየቃት። ዙፋን ውሸት አታውቅም። ሲስተር ሩሀማ ናት አለች። ሰኞ ሲስተር ሩሀማ ታሰረች፤ ፍርድ ቤት ቀርባም ተጨማሪ የምርመራ ቀን ተጠየቀባት። ሥራዋ ታግዷል፤ ከተፈረደባት ደግሞ ሙያዋም አበቃለት።

እኔ ቅዳሜ ዕለት ዝም አይነቅዝም ብዬ ነበር። ለካ አንዱ ዝም ሲል የሚነቅዘው ሌላው ሰው ነው። መታሰሯን የሰማሁ ቀን እህል በአፌ አልዞረም። ትናንት ረቡዕ ጠዋት የመኪና መንገድ እስካለበት በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሬ ሄጄ ላይ ሾሪ ደረስኩና ሴቶቹን ሰበሰብኳቸው። ከቃሌ ፍቱኝ አልኳቸው። ፈርተው ነበር፤ የሚፈራም ነገር ነው። ነገሩ ከወጣ ስማችን ከፕሮግራሙ ይሰረዛል፣ ዱቄቱም ገንዘቡም ይቀራል፣ ታች ሾሪም ተራው ሳይደርሰው ይቀራል ብለው ነው። አንዷ፣ ዙፋን ቃሏን ብትለውጥስ አለች። ዙፋን የተናገረችው እኔ የነገርኳትን ነው፣ እሷን ውሸታም አላደርግም ብዬ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን አጥብቃ ተነሳች። የሰው ልጅ እናሳድጋለን ብለን የሰው ልጅ አሳሰርን፣ ነገ ሁላችንም ቦንጋ እንወርዳለን አለች። ማንም አልተቃወመም።

ዛሬ ጠዋት የሁለቱም ቀበሌ ሴቶች ልጆቻቸውን አዝለው ከጣቢያው ግቢ ውጭ ቆመዋል። የዘብ ፖሊሱ ወረፋ ያዙ ቢላቸው፣ ወረፋ የለንም፣ ሁላችንም አንድ ነገር ነው የምንናገረው ብለውታል። ልጆቹን ቃል ተቀባዩ በመስኮት እንዲመለከቱልኝ ጠይቄ ተመልክተዋል። የላይ ሾሪው የቱ፣ የታች ሾሪው የቱ እንደሆነ ይለዩልኝ ብያቸው ሊለዩ አልቻሉም።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ቃሌ በተጠርጣሪዋ፣ በአቶ እስክንድርና በወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ፊት እንዲረጋገጥ ሆኖ ሦስቱም ቀርበዋል። ወርቅአፈራሁ በካፊኖኖ የተናገረችውን በአማርኛ የተረጎምኩት እኔ ነኝ፤ ቃል ተቀባዩም ካፊኖኖ ስለሚያውቁ ትክክል መሆኑን አይተዋል። ያልኩትን ሁሉ እውነት ነው ብላ አረጋግጣለች። አቶ እስክንድር ሲሰማ ቆይቶ፣ ስለ ሲስተር ሩሀማ ያቀረበው ጥርጣሬ ስህተት መሆኑን እንደሚያስመዘግብ ተናገረ። ቀጥሎም ንጽጽሩ እንደተበላሸ በሪፖርቱ መጻፍ ግዴታው መሆኑን አስረዳን። “ላይ ሾሪ ብቻ ቢመገብ ኖሮ ልዩነቱ ይታይ ነበር” አለ። ወርቅአፈራሁ ስተረጉምላት ገርሟት አየችውና፣ “እኛ እኮ የደከምነው ልዩነቱ እንዳይታይ ነው” ብላ መለሰችለት። አቶ እስክንድርም፣ ይህንንም እንዳለ በሪፖርቱ እጽፈዋለሁ አለ። ፕሮግራሙ ይቀጥል አይቀጥል እሱ ብቻውን እንደማይወስን፣ ዱቄት ከነገንዘቡ ለእናት ሲደርስ ልጅ እንደሚያድግ ግን ከእንግዲህ ማንም እንደማያከራክረው ተናግሯል።

ተጠርጣሪዋ ሲስተር ሩሀማ በመጀመሪያ ተቆጣች። ይህን ሁሉ ጊዜ ከጀርባዬ አታለላችሁኝ ማለት ነው አለች። እውነቷን ነው፤ አታለናታል፤ አልካድንም። ስለ ባለቢጫ ክሩ ፌስታል ስናገር ግን ቁጣዋ ጠፋ። ከዚያ ወደ ቃል ተቀባዩ ዞራ፣ “እኔ ለብስራት ምንም አልሰጠሁም። ይህን ስናገር ከእስር ለመውጣት መስሎ ይታያል፤ ለእኔ ግን ከእስሩ የባሰ ነው። ክርስትና እናት አልሆንኳትም” አለች። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ወርቅአፈራሁ ትርጉም ሳትጠብቅ ተነስታ ትከሻዋን ያዘቻት።

“ሲስተር፣ አንቺ ለእኛ ብለሽ ሕጉን ጠበቅሽ፤ እኛ ደግሞ ልጅሽን ጠበቅንልሽ። ምን አጎደልሽ?” አለቻት።

ሲስተር ሩሀማ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ብስራት መሄድ ጀምራለች ወይ አለች። ብስራት ከሄደች ሰንብታለች፤ ሲስተር ሩሀማ አፍራ ወደዚያ ቤት መሄድ ስለተወች ሳታይ ቀርታ ነው። ዙፋን ልጅቱን ይዛ ውጭ መሆኗን ነገርኳት።

ሲስተር ሩሀማ ዱቄቱ ወደ ታች ሾሪ መሄዱን ታውቅ ነበር ወይ ተብዬ በድጋሚ ተጠይቄ፣ አታውቅም፣ ብታውቅ ኖሮ ታስቆመን ነበር፣ እኛም የተደበቅነው ከማንም ሳይሆን ከእሷ ነው ብያለሁ። ይህን ቃል በመስጠቴ እኔ ራሴ ልጠየቅ እንደምችል ተነግሮኛል። ተረድቻለሁ። ዱቄቱን ጓዳዬ ያስቀመጥኩት አውቄና ወድጄ ነው። አንዲት እፍኝ አልሸጥኩም፣ አንዲት እፍኝ ቤቴ አላስገባሁም። ጥፋት ከተባለ ድርሻዬን እቀበላለሁ፤ ሌላ ሰው በእኔ ድርሻ እንዲጠየቅ ግን አልፈቅድም። ነገ ዕጣ ተጥሎ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣ ምን ታደርጊያለሽ ተብዬ ተጠይቄ፣ ጓዳዬ ሰፊ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ከላይ የሰፈረው ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአማርኛ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። በዓይኔ ያየሁትን እንዳየሁት፣ የሰማሁትን እንደሰማሁት ለይቼ የተናገርኩት እውነት ነው፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ። ሲነበብልኝ ግን አንድ ነገር እንዲታረም ጠይቄያለሁ። በቃሌ ውስጥ ሲስተር ሩሀማ ተጠርጣሪ ተብላ ተጽፋለች። እኔ ጠርጥሬያት አላውቅም። ቃል ተቀባዩ፣ ተጠርጣሪ የሚለው በሕግ የሚጻፍ ስያሜ ነው፣ የሚያነሳው ዐቃቤ ሕግ እንጂ ምስክር አይደለም አሉኝ። ዐቃቤ ሕግ በራሱ ወረቀት የፈለገውን ይጻፍ፣ ይህ ግን የእኔ ቃል ነው፣ እኔ ባላልኩት አልፈርምም አልኩ። ስለዚህ በዚህ ቃል ውስጥ ተጠርጣሪ ተብሎ በተጻፈበት ቦታ ሁሉ በምስክሯ ጥያቄ መሠረት “የሕፃን ብስራት ክርስትና እናት” ተብሎ እንዲነበብ ተመዝግቧል። ከዚህ በኋላ ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ለምያ ሰላሐዲን
በተረጋገጠበት ጊዜ የነበረች፦ ወ/ሮ ወርቅአፈራሁ፣ የጣት አሻራ
በተረጋገጠበት ጊዜ የነበረ፦ እስክንድር አምባው፣ ፊርማ
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ደጉ ኃይለመስቀል፣ ፊርማ